የባሻ እንደሻው ኪሮሽ

«ይቺን ብቻ ልጨርስ» የሚል ሰው የሌለበት ቤት የለም። እኛ ቤት የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ሰውየው እናንተው ናችሁ ማለት ነው።

በአንዱ ቤት ከዘራ ሲቀርጹ የሚውሉ አያት ናቸው። በሌላው ቤት ስፌቷን ጭኗ ላይ አድርጋ እንግዳ ደጅ የምታስቆም ምራት ናት። እንዲህ ያለ ሰው ሰነፍ አይደለም፤ ሰነፍ ቢሆንማ አንዴ ተቆጥተን እንገላገል ነበር። ሁልጊዜ ሲሠራ ነው የሚገኘው። ችግሩ የሚሠራው ማንም ያላዘዘውን ሥራ መሆኑ ነው። ጣራው ያፈሳል፣ ጥጃው ተፈትቷል፣ እንጨቱ አልተፈለጠም፤ እሱ ግን አቀርቅሮ ይቺን ብቻ ይጨርሳል።

በእኔ ቤት ይህ ማዕረግ የተሰጠው ለባለቤቴ ለባሻ እንደሻው ነው።

ባሻ እንደሻው ማለት ጎንበስ ሳይሉ በየትም በር የማይገቡ፣ ጢማቸውን በቅቤ የሚያሾሉ፣ በሐረር ግንብ ላይ ካሉት በሮች የአንዱ የዘበኛ አለቃ ናቸው። ሲቆጡ በቅሎ ትደነግጣለች። እኝህ ሰው ከመብልም ከመጠጥም አብልጠው የሚወዱት ነገር ቢኖር ዳንቴል መሥራት ነው። አዎ፣ ዳንቴል። ያን የፈረንጅ ሴቶች ጫፉ በታጠፈ መርፌ፣ በኪሮሽ፣ እንደ ሸረሪት ድር አድርገው የሚያወጡትን ነጩን ጌጥ። ኪሮሻቸውን ዝናራቸው ውስጥ ከጥይት ጎን ሸሽገው ይዞራሉ።

ነገሩ በቀልድ አልተጀመረም። ባሻ ዘመቻ ሄደው ትከሻቸውን በጥይት ተመትተው ተመለሱ። ቁስሉ ዳነ፤ ቀኝ እጃቸው ግን መንቀጥቀጥ ያዘው። ዋንጫ ሲያነሡ ጠላው ደረታቸው ላይ ይፈስሳል። ሲያማትቡ እንኳ እጃቸው ከግንባር ወደ ደረት ሲወርድ መንገድ ይስታል። ጠበል ሞከርን፣ በቅቤ አሸነው፣ ምንም የለም። በመጨረሻ በሚስዮን ሐኪም ቤት የምትሠራ አንዲት ፈረንጅ መነኩሲት እጃቸውን ገልብጣ አየችና፣ «እነዚህ ጣቶች ትንሽ ሥራ ይፈልጋሉ» ብላ አንድ ጥቅል ክርና አንድ ኪሮሽ ሰጠቻቸው።

ባሻ በቁጣ ተነሥተው ሊወጡ ነበር። ለይሉኝታ ተቀምጠው ያዙት። ይኸው በያዙት ቀን እጃቸው ጸጥ አለ። ኪሮሹን ሲያስቀምጡ መንቀጥቀጡ ይመለሳል፤ ሲያነሡት ይሄዳል። እንዴት እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ እሳቸውም አያውቁም። ከዚያ ወዲህ ግን ሰውየው ለእኔ የሚደርሱኝ ከክር ሲተርፉ ነው።

ይህን ሁሉ መደበቅ ነበረብን። የምንኖርበት ቤትና ከግንቡ ውጭ ያለችን ቁራሽ የቡና መሬት የተሰጡን ከዘበኛ አለቃነቱ ጋር ነው፤ ሹመቱ ከሄደ እነሱም ይሄዳሉ። የባሻ አለቃ ፊታውራሪ ሳህሉ ደግሞ ባሻ ፈጽሞ ድነዋል ብለው ነው ሹመቱን የሰጧቸው። ዳንቴሉ ከታወቀ ከየት ተማርክ ይባላል፤ ከሐኪም ቤት ከተባለ ምን ሆነህ ይባላል፤ ከዚያ እጅህን ዘርጋ ይመጣል። እኔ እንዲህ እያልኩ አስብና እንቅልፌ ይጠፋል። ደጃፍ ሲንኳኳ ሩጬ ኪሮሹን ከእጃቸው ነጥቄ ጉያዬ እከታለሁ፣ ክሩን በእግሬ ወደ አልጋው ሥር እገፋለሁ፣ ከዚያ ፊቴን አስተካክዬ «ማነው?» እላለሁ። ይህን ስለለመድኩ ልቤ ዛሬም በር ሲንኳኳ ይዘላል።

እሳቸው ግን አይጨነቁም። አስጨናቂ ሰው ራሱ ተጨንቆ አያውቅም።

«ባሻ፣ በቅሎዋ ገለባ አልበላችም!»

«ይቺን ብቻ ልጨርስ።»

በቅሎዋ ጠብቃ ጠብቃ ገመዷን በጥሳ ብቻዋን ወደ ፈረስ መጋላ ገበያ ወረደች፤ የአንዲትን ሣር ሻጭ ሸክም እስከ መጨረሻው በልታ ተመለሰች። እኔ ነኝ ሄጄ ይቅርታ የለመንኩ።

«ባሻ፣ ማሽላውን ከወፍ ይጠብቁልኝ» ብዬ ጣራ ላይ ያሰጣሁትን ማሽላ አደራ ሰጥቻቸው ውኃ ልቀዳ ወረድኩ። የሐረር ቤት ጣራው ደልዳላ ስለሆነ ለማሽላም ለዳንቴልም ይመቻል። ስመለስ ወፎቹ በባሻ ጉልበት ዙሪያ ተሰብስበው ይለቅማሉ። አንዷ ጫማቸው ላይ ቆማለች። እሳቸው አቀርቅረው የአበባ ቅጠል ያወጣሉ።

ከሁሉ የባሰው የበሩ ነገር ነው። ጠዋት በሩ እስኪከፈት እንጨት ተሸክመው ከገጠር የመጡ ሴቶችና ግመል ነጂዎች ውጭ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ቁልፉ ያለው ባሻ ዘንድ፣ ባሻ ያሉት ዘበኞች ቤት ውስጥ፣ የቤቱን በር ከውስጥ ቆልፈው፣ ዳንቴላቸውን ይዘው። አንዱ ወጣት ዘበኛ ሰዎቹ ሲንጫጩ ጊዜ ምን እንደሚል ጨንቆት፣ «ዝም በሉ፣ ባሻ ጸሎት ላይ ናቸው» አላቸው። ይህ ወሬ በከተማው ዞረ። ባሻ እንደሻው ጸሎተኛ ተባሉ። አሮጊቶች መንገድ ላይ ጉልበታቸውን ይስሙ ጀመር። እሳቸውም አልካዱም፤ አንገታቸውን ደፍተው ማለፍ ጀመሩ።

እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስፈጭ፣ ስቀዳ፣ ስፈትል፣ ከደጅ ወደ ጓዳ ስመላለስ እውላለሁ። ሙሽራ ሳለሁ የጀመርኩት የቀሚስ ጥልፍ ነበረኝ፤ አንዱ እጅጌ አልቆ ሌላው ሳይነካ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። አንድ ቀን ይህን ለጎረቤቴ ለፈሂማ ነገርኳት። ፈሂማ የከተማው ተወላጅ ናት፤ የወንድ ቆብ ትሰፋለች፣ ጣራችንና ጣራዋ ይተያያሉ። ልጆች አሏት፣ ባሏ ዐብዱልገኒ ቡና ነጋዴ ስለሆነ እንግዳው አያባራም፣ ግን ቆቡ በየሳምንቱ ያልቃል።

«ጊዜውን ከየት ታመጪዋለሽ?» አልኳት።

«ጊዜማ ማን ይሰጥሻል፣ እህቴ? ከሥራው ላይ ትሰርቂዋለሽ» አለችኝ። «ይህን ስርቆት አላህ ይምራል፣ ወላሂ።» ከዚያ ወደ እኛ ጣራ ቀና ብላ አየችና ፈገግ አለች። ለምን ፈገግ እንዳለች ያን ጊዜ አልገባኝም።

መከራው የመጣው በብርነሽ በኩል ነው። ብርነሽ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ናት፤ አንድ ነገር ከሰማች የሰማችው ለራሷ ብቻ እንዲሆን አትፈቅድም። አንድ ቀን ሳላስባት ገባች። ኪሮሹን ነጠቅሁ፣ ክሩን ገፋሁ፤ የገንቦው አፍ ላይ የተከደነውን ክብ ዳንቴል ግን ረሳሁት።

«ኧረ በማርያም! ይህን ማን ሠራው?»

አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር አላውቅም፤ ባሻ ቀደሙኝ።

«እሷ ናታ!» አሉ ጢማቸውን እያሾሉ። «እጇ አርፎ አያውቅም። ተይ እላታለሁ፣ አትሰማኝም።»

ብርነሽ ከሄደች በኋላ ስጮህባቸው «ታዲያ ምን ልበል?» አሉኝ። «ይልቅ ሥራው አምሮ ታየ ወይ?»

በሳምንቱ «ሮማን ባለዳንቴሏ» ተባልኩ። አንዷ ለትራስ ታዛለች፣ ሌላዋ ልጄን አስተምሪልኝ ትላለች። ትዕዛዙን ባሻ በደስታ ይቀበላሉ፤ ሊማሩ የሚመጡትን ልጆች መመለስ ግን የእኔ ፋንታ ነው። ዛሬ ሚካኤል ነው መርፌ አልነካም፣ ዛሬ ኪዳነምሕረት ናት፣ ዛሬ አቦ ነው። በዚያ ዓመት ያላከበርኩት ታቦት የለም። የነፍስ አባቴ በሃይማኖቴ ጽናት ተደንቀው መረቁኝ። ምርቃቱ እንደ ድንጋይ ከበደኝ።

በመጨረሻ የፈራሁት መጣ። የፊታውራሪ ሳህሉ ባለቤት ወይዘሮ ወለተሥላሴ ልጃቸውን ሊድሩ ነውና ለሙሽራዋ አልጋ ዳንቴል ፈለጉ። የፈለጉት ሥራውን ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። የላኩት ሰው ግን እንዲህ አለኝ፤ «እመቤቴ እንዴት እንደሚሠራ በዓይናቸው ማየት ይሻሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኪሮሽሽን ይዘሽ ነዪ።»

ያን ሳምንት እህል አልቀመስኩም። ባሻ ጣራ ላይ አስቀምጠው ያስተምሩኝ ጀመር።

«አስገቢ። ሳቢ። አውጪ። ኧረ ቀስ! በቅሎ አይደለም የምትስቢው!»

«አልሆንልኝ አለ፣ ባሻ።»

«አንቺ እኮ ትፈሪዋለሽ፤ ክር ፍርሃት ያውቃል።»

ከጠዋት እስከ ቀትር የሠራሁት የአይጥ ጅራት መሰለ። ከማዶ ጣራ ላይ ፈሂማ ቆቧን እየሰፋች ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ትስቃለች። ከልጆቿ ጋር የምትጫወት መስሎኝ ነበር።

እሑድ ደረሰ። ባሻ አጃቢዬ ሆነው ነጭ ለብሰው ከኋላዬ መጡ። የፊታውራሪ አዳራሽ በሴቶች ተሞልቷል፤ ብርነሽ መካከል ላይ፣ እሷ የወለደችኝ ይመስል ኮርታ ተቀምጣለች። ባሻ እንደ ሥርዓቱ በሩ አጠገብ ቆሙ። ባሻ የጀመሩትን፣ ሳምንቱን ሙሉ የደከሙበትን የሙሽራዋን ዳንቴል ከጉያዬ አወጣሁ። ሴቶቹ «ውይ!» አሉ።

«በይ እንይሽ» አሉ ወይዘሮ ወለተሥላሴ።

ኪሮሹን አስገባሁ። ሳብሁ። ምን እንደሳብሁ እግዜር ይወቅ።

«ብርሃኑ አነሰኝ፣ እመቤቴ።»

«ወደ መስኮቱ ቅረቢ።»

ቀረብሁ። በዚህ መካከል ፊታውራሪ ሳህሉ ራሳቸው ገቡ፤ ሁላችንም ተነሣን፣ «ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» ብለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና እሳቸውም ያዩኝ ጀመር። ያን ጊዜ ፈጽሞ ጠፋኝ። የተንጠለጠለ ክር አየሁ፤ ክር ከሆነ ይጎተታል ብዬ ጎተትኩ። አንድ ዙር ተፈታ። ደንግጬ የባሰ ጎተትኩ። ቅጠሉ ተፈታ፣ አበባው ተፈታ፣ ያ ሁሉ ድካም እንደ ሹራብ ክር እየተርመሰመሰ ጭኔ ላይ ይወርድ ጀመር።

«ኧረ አይጎተትም!»

አዳራሹ ዞሮ አየ። ባሻ እንደሻው ከበሩ ተነሥተው በሴቶቹ መካከል እየተራመዱ መጡ። ቀና ብዬ «ይመለሱ» አልኳቸው በዓይኔ። እኔን አላዩኝም፤ የሚያዩት የሚፈታውን ብቻ ነው። አጠገቤ ተንበርክከው ኪሮሹን ከእጄ ወሰዱ፣ ያመለጠውን ቀለበት ያዙ፣ አንዱን በአንዱ ውስጥ አሳለፉ፣ መለሱ፣ አጠበቁ። ጣቶቻቸው እንዴት ይፈጥናሉ! አበባው ሲመለስ ብቻ ነው የት እንዳሉ ያወቁት።

ብርነሽ በነጠላዋ አፏን ያዘች።

«ባሻ» አሉ ፊታውራሪ ቀስ ብለው። «ይህን ከማን ተማርህ?»

ባሻ ለእኔ ሲሆን ይዋሻሉ፤ ለአለቃቸው ግን አልቻሉበትም። «ከሚስዮን መነኩሲት ነው፣ ጌታዬ። እጄ ሲያስቸግረኝ።»

«ኪሮሹን አስቀምጥ። እጅህን ዘርጋ።»

ባሻ አስቀመጡ። እጃቸውን ዘረጉ። እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ትንሽ አልነበረም፣ ሁሉ አየው። ጭናቸው ላይ ሊጫኑት ሞከሩ፣ እዚያም አልታዘዝ አለ። ያን ታላቅ ሰውዬ እንዲህ ተንበርክከው ሳያቸው የምንኖርበት ቤት ታወሰኝ፤ ዕቃውን በምን እንደምጭን ማሰብ ጀመርኩ።

«በዚህ እጅ ነው በር የምትጠብቅልኝ?»

እኔ ለምን እንደተናገርኩ አላውቅም። «ጌታዬ፣ በሩ አንድ ቀን ሳይዘጋ አድሮ ያውቃል?» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አሉ ፊታውራሪ።

ያን ጊዜ ወይዘሮ ወለተሥላሴ ዳንቴሉን ከጭኔ አንሥተው ወደ ብርሃን ዘረጉት። «ሠርጉ ከጾሙ በፊት ነው» አሉ ለባላቸው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። «ይህ ሳያልቅ ይህን ሰው የሚነካብኝ አይኑር። ከዚያ በኋላ እንደፈለጉ ያድርጉ።»

ፊታውራሪ ሊቆጡ ሚስታቸውን አዩ፤ የሚስታቸውን ፊት ሲያዩ ተዉት። «ነገ ጠዋት ና» ብለው ባሻን አሰናበቱ።

በማግሥቱ ባሻ ሲሄዱ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋቸው፤ ፈሂማ ከጣራዋ አየችኝና ወርዳ አጠገቤ ተቀመጠች። ልላት ያሰብኩት ሁሉ ጠፍቶኝ አለቀስኩባት።

«እንዲህ እንዳይሆን ነበር የምደብቀው» አልኳት።

«ከእኔም ትደብቂው ነበር እኮ!» አለችኝ። «ሦስት ክረምት ሙሉ ከጣራ ላይ አያቸዋለሁ። ቆብ ሰፊ ነኝ፣ የክር እጅ አላውቅም? ሱብሃነላህ፣ ያን የቅጠሉን አሠራር ከሳቸው ሰርቄ ቆብ ላይ አውያለሁ። ሰው ይወደዋል።»

«ለምን አልነገርሽኝ?»

«ምን ብዬ? አንቺ በር በተንኳኳ ቁጥር ስትሮጪ እያየሁ!»

ባሻ ቀትር ላይ መጡ። ከበሩ ተነሥተዋል። የፊታውራሪ ዕቃ ቤት ጠባቂ ሆነዋል፤ ቁልፍ ይይዛሉ፣ የጦር መሣሪያ አይነኩም። ቤቱና መሬቱ እንዳሉ ናቸው፤ ማን እንደለመነልን ለመገመት ብልህ መሆን አያስፈልግም። እኔ እልል ልል ነበር። እሳቸው ግን ዝናራቸውን ፈትተው ግድግዳ ላይ ሰቀሉና ፊታቸውን ወደዚያው አዙረው ብዙ ቆሙ። በር የጠበቀ ሰው ዕቃ ቤት ሲገባ ቀላል አይደለም።

ጥቂት ቀን ከርመው ዳንቴላቸውን ይዘው ወደ ደጃፍ ወጡ። ወደ ጣራ አይደለም፣ ወደ ጓዳ አይደለም፤ መንገደኛ ሁሉ በሚያልፍበት ደጃፍ፣ በጠራራ ፀሐይ በርጩማ አውጥተው ተቀመጡ። ወጣቶቹ ዘበኞች ሲያልፉ «እማሆይ ባሻ!» ይላሉ። ባሻ ቀና አይሉም። እኔ ግን እያንዳንዷ ቃል አጥንቴ ውስጥ ትገባለች፤ ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ ማን እንዳለና ማን እንደሳቀ አያለሁ።

አንድ ቅዳሜ ዳቦ ልጋግር ሊጥ አቡክቼ ሳለሁ ብርነሽ መጣች። ባሻን በሩቁ ሰላም ብላ አልፋ ገባችና፣ እጄን ይዛ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አይዞሽ ሮማንዬ። ሰው ሁሉ ያዝንልሻል። ለወንድ ልጅ እንዲህ መዋል…»

ልብ በሉ፤ ባሌን ከማንም በላይ የምሰድብ እኔ ነኝ። ስለ በቅሎዋ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ሦስት ዓመት ፍርሃቴ የምችለውን ያህል ለማማት ይህ ሰዓቱ ነበር። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ሆነ።

«ብርነሽ፣ የአንቺ ባል ከቅዳሴ መልስ ምን ሲያደርግ ይውላል?»

«የእኔማ… ከጓደኞቹ ጋር ይጫወታል።»

«ጠጅ ቤት?»

እጄን ለቀቀች።

«ሰክሮ ሲመጣ በሩን የምትከፍቺለት አንቺ ነሽ። የእኔ ባል እዚህ ደጃፌ ላይ ነው። ጥይት በልቶት የመጣ እጅ ነው ያ እጅ፤ ጠላ የሚደፋ እጅ ነበር፣ አሁን አበባ ያወጣል። ስለዚህ የሚያዝንልኝ ካለ፣ ለራሱ ይዘን።»

ብርነሽ ብዙ አልቆየችም። ስትወጣ ነጠላዋን አስተካክላ «ለልጄ ትራስ ግን ይሠሩልኝ ይሆን?» ብላ ባሻን ጠየቀቻቸው። ብርነሽ ብርነሽ ናት።

እሷ ስትርቅ ወደ ባሻ ዞርኩ። ሁሉን ሰምተዋል። ጢማቸው ሥር አንድ ነገር ይንቀሳቀሳል፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አልለየሁትም፣ ክሩ ላይ አቀርቅረዋል። እንዳይኮሩብኝ ብዬ፣ «እንጨቱ ከትናንት ጀምሮ ሳይፈለጥ ተቀምጧል እኮ!» ብዬ ጮኽኩባቸው።

«ክሩ ተወሳስቦብኛል» አሉኝ። «እስቲ ይዘሽ ቁሚልኝ፣ ሮማን።»

ሊጡ ጓዳ ውስጥ ኩፍ እያለ ነበር፤ ቆይ ብዬ ብተወው ይፈስሳል። በእጄ ያለውን ዱቄት ቀሚሴ ላይ ጠረግሁና በርጩማው አጠገብ ተቀመጥኩ። ክሩን በሁለት እጄ ዘርግቼ ያዝኩላቸው።